ቀርከሃው ያበበበት ዓመት

ሸዋረገጥ የሰርቦ ከተማ ልጅ ናት። አባቷ ከሸዋ የመጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ የእሷ እጅ ግን ለብዕር ሳይሆን ለእንጨት ቀና። ጅማ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የግንድ ቁራጭ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ከጀመረች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ሥራዋ ቀለበቶቹ ጥርት ብለው እንዲታዩ ማድረግ ብቻ ነበር፤ አንዱ ቀለበት አንድ ዓመት ነው። ቆጠራው የመምህራኑ ነው። ይሁንና ይህን ያህል ዘመን እንጨት የዳበሰን ሰው መቁጠር ማን ይከለክለዋል?

በ2001 ጥቅምት ላይ ወጣቱ መምህር አብነት ከየቡ ከተማ ማዶ ካለ ተራራ ባለፈው ክረምት ነፋስ የጣላቸውን አራት የዝግባ ግንዶች አስቆርጦ አመጣ። የሚያጠናው የጫካ እሳት ነበር። እሳት የነካው ዛፍ ካልሞተ ቁስሉ ይሽርና በቀለበቶቹ መካከል ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። ሸዋረገጥ ከቅርፊቱ ጀምራ ወደ ውስጥ ቆጠረች። 1955። ከዚያ 1909። ከዚያ 1863። አራቱም ግንድ ላይ ያው ነው፤ በየመካከሉ አርባ ስድስት ዓመት። በጣቷ ደመረችና እጇን ከእንጨቱ ላይ አነሳች።

«አብነት፣ የሚቀጥለው ዘንድሮ ነው።»

«እትዬ ሸዋ ደግሞ! እሳት ቀን ቆርጦ ይመጣል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። በሳምንቱ ግን ተጨማሪ ግንድ ፍለጋ ሲወጣ ይዟት ሄደ።

ጫካው አፋፍ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንዲት ወፍ አትሰማም። ቀርከሃው ከላይ እስከ ታች ገርጥቶ ጫፉ ላይ የጤፍ ዛላ የመሰለ ነገር አንጠልጥሏል። ነፋስ የለም፤ መሬቱ ግን ይንኮሻኮሻል። ዝቅ ብላ ስታይ አይጥ ነው። የረገፈውን ፍሬ ይቆረጥማል፤ ሰው ሲመጣ እንኳ አይሸሽም።

ከጫካው ሥር የሚኖሩት አሮጊቷ መሪማ ደጃቸው ላይ ቆመው ያዩዋቸዋል።

«ሌመኒ ዳራሬ» አሉ ቀስ ብለው። ቀርከሃው አበበ ማለታቸው ነው። «ሲያብብ ይሞታል፤ ሲሞት ይደርቃል። ባለፈው ሲያብብ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወላሂ፣ በዚያው በጋ እናቴን በላት።»

«ማን?» አለ አብነት።

«እሳቱ።»

መሪማ ዓመቱን አያውቁም። ሸዋረገጥ ግን ታውቀዋለች፤ በጣቷ ዳብሳዋለች።

«ታዲያ ለምን አይወርዱም፣ እማማ?»

«እኔስ እወርድ ነበር ልጄ። ሌላው ግን መች ያምነኛል?»

በሳምንቱ ሸዋረገጥ ከግንዱ አንድ ቁራጭ አሸክማ ተመለሰች። የመንደሩ ሽማግሌ ጀቤሳ ጣታቸውን በሦስቱ ጠባሳዎች ላይ አንድ በአንድ አሳለፉ፤ ከዚያ መንደርተኛውን ሰበሰቡ። ጥር ሳይወጣ የመንደሩ አሥራ አንድ ቤት ሁሉ ከብቱንና ቀፎውን ይዞ ወረደ።

በየካቲት ተራራው ሦስት ቀን ነደደ። አመዱ የቡ ድረስ መጥቶ ቡናው ላይ ወረደ። ሰው ግን አልሞተም። አብነት «ማን ለኮሰው?» እያለ ሰውን ሁሉ ጠየቀ፤ የሚያውቅ አልተገኘም። መሪማ «ጊዜው ሲደርስ ለኳሽ አይጠፋም» አሉት።

ክረምቱ ሲወጣ አብነት የሚቀጥለውን የእሳት ዓመት በጥናቱ ውስጥ ልጻፈው ወይ ብሎ አማከራት።

«ጻፈው። ወረቀቱ ግን ጅማ ነው የሚቀመጠው» አለችና ራሷ ተነሥታ ጀቤሳ ዘንድ ሄደች። ጀቤሳ ትንሿን የልጅ ልጃቸውን ጊፍቲን ጠርተው 2047 የሚለውን ሦስት ጊዜ አስደገሟት።