አክስቴን አላውቃትም በይ ያሉኝ ዕለት

ይህን ነገር ሳወራ ድምፄ ስለሚጮህ ልጆቼ «እማዬ፣ በቃ ተይው» ይሉኛል። ልተወው ሞክሬ አልሆነልኝም። የደረሰብኝ በሰማንያዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ፣ በአንድ ኮሌጅ የመምህርነት ሥልጠና ስከታተል ነው። ያኔ የነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ አርጅተዋል፣ አንዳንዶቹም ሞተዋል። ንዴቱ ግን እንደ ትናንት ነው፤ አልበረደም።

የተወለድኩት ጋሞ ደጋ ውስጥ ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ነው። በእኛ አገር ሸክላ የሚሠራው ወገን ማና ይባላል። ማና ከገበሬው ጋር አይጋባም፣ ከአንድ ዕቃ አይበላም። ሰው ቤት ከሄደም የሚስተናገደው ደጅ ላይ ነው። ይህን ወሰን ማለፍ ጎሜ ነው ይላሉ፤ ዝናብ የሚያስቀር፣ ከብት የሚጨርስ ነውር ማለታቸው ነው። ጎመኑ የሚበስልበትን ድስትና ውሃው የሚቀዳበትን እንስራ የምንሠራው ግን እኛው ነን። ድስታችን ጎሜ የለበትም፣ ጎሜው ያለው እጃችን ላይ ብቻ ነው! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ቆሽቴ ያርራል።

እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ወደ አርባ ምንጭ ይዛን ወረደች። ሲቀላ ገበያ ሸክላዋን እየሸጠች አሳደገችን። ከተማ ውስጥ ብዙ ጠያቂ የለም። ከየአገሩ የመጣ ሰው ስለሆነ ሁሉም በየፊናው ይሮጣል። ትምህርቴን ጨርሼ ለኮሌጁ ሳመለክትም ነገሩን ከናካቴው ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል።

ያስታወሰኝ የመግቢያው ቃለ መጠይቅ ነው። ከጠያቂዎቹ አንዱ ወላጆቼ ምን እንደሚሠሩ ጠየቀኝ። «እናቴ ሸክላ ትሠራለች» አልኩት። አጠገቡ ያለው ሰውዬ፣ የእኛው አገር ሰው መሆኑ ያስታውቃል፣ ቀና ብሎ ካየኝ በኋላ «ይህን ነገር በየሄድሽበት ባትናገሪው ይሻልሻል፤ ለራስሽ ብዬ ነው» አለኝ። ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ። ዋናው ማለፌ ነበርና አለፍኩ።

በሁለተኛው ዓመት የማስተማር ልምምድ ደረሰ። ትምህርት ቤት ሄደን ከርመን፣ በመጨረሻ ከኮሌጅ የሚላክ ሱፐርቫይዘር ስናስተምር አይቶ ማርክ ይሰጠናል። ያንን ያላለፈ አይመረቅም። «የየአገራችሁን ቋንቋ ስለምታውቁ ኑሮው ይቀልላችኋል» ብለው ወደየዞናችን በተኑን። እኔ የደረሰኝ ከካምባ በላይ በእግር የሚወጣበት አንድ የደጋ ቀበሌ ነው። ስሙን አልጠራውም፤ ዛሬ እዚያ የሚማሩት ልጆች ምንም አላደረጉኝም።

የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር አቶ ተካልኝ እላቸዋለሁ። ከሰሜን መጥተው ብዙ ዓመት ደጋው ላይ የኖሩ፣ ቃላቸው የተለካ፣ ትሁት ሰው ነበሩ። ሲቀበሉኝ ሻንጣዬን ራሳቸው ተሸከሙልኝ። ከመምህራኑ ጋር ተዋጥተን አብረን እንድንበላ አደረጉ። ማደሪያም ከአንዲት ባልቴት ቤት ተከራዩልኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ የሚሉ ነበሩ። ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር። ስለ አፈር ዓይነቶች ሳስተምር ልጆቹን ወንዝ ዳር ይዣቸው ወርጄ እያንዳንዱን አፈር በእጃቸው አስቦካሁ። እስከ ክርናቸው ጭቃ ሆነው እየሳቁ ተመለሱ። አቶ ተካልኝ በመስኮት አይተው «አንቺስ ለዚህ ሥራ የተፈጠርሽ ነሽ!» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው።

ከዚያ የገበያ ቀን መጣ። ከመምህራኑ ጋር ድንች ልንገዛ ወጥተን በሸክላ ተራ ስናልፍ አክስቴ ቦጋለችን አየኋት። የእናቴ ታናሽ ናት፤ ከደጋው ያልወረደችው እሷ ብቻ ነበረች። ማሰሮዎቿን ደርድራ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እኔ ልስቅ ስል እሷ ፊቷን አዞረች።

በመጀመሪያ አላወቀችኝም ብዬ ነበር። ቀረብ ስል ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና በጋሞኛ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ «ሂጂ፣ ሂጂ ወዲያ! ሰው ያያል፣ እንጀራሽን ታጪያለሽ» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። የተናደድኩት በእሷ አይደለም። ጀርባዋ ላይ አዝላ ያሳደገችኝ ሴት፣ አውቃታለሁ ብትል እንደምትጎዳኝ ማን አስተማራት? ጎንበስ ብዬ አቀፍኳት፤ ጉንጯን እያገላበጥኩ ሳምኳት። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጬም ለምሳ ይዛ ከመጣችው ስኳር ድንች ቆርሼ በላሁ። «ምን ነክቶሽ ነው? ልጄ፣ ምን ነክቶሽ ነው?» ትለኛለች ዙሪያዋን እየቃኘች። ቀና ስል መምህራኑ ትተውኝ ሄደዋል።

በማግስቱ ምሳ ላይ ለሁሉም አንድ ትሪ፣ ለእኔ ለብቻዬ አንድ ቆርቆሮ ሳህን ቀረበ። «ለአንቺ ለብቻ ቢሆን ይመችሻል ብለን ነው» አለኝ አንዱ መምህር፣ ዓይኔን ሳያይ። እሱ እንኳ ጋሞ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። በጎሜ ያምናል? አያምንም። በኋላ ብጠይቀው «እኛ እኮ እዚሁ ነዋሪዎች ነን፤ ከአንቺ ጋር በልተን ነገ ውሃ የሚቀዳልን፣ እንጨት የሚሸጥልን አናገኝም» አለኝ። ማስተዛዘኑ ነው እንግዲህ።

ባልቴቷም የምጠጣበትን ኩባያ ለየች። ወዲያው ደግሞ ከቤት አውጥታ ከጥጆቹ ጋር በረት ጥግ አነጠፈችልኝ። ኪራዩን ግን አልመለሰችም።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የክፍሉን ነው። አንድ ቀን አንድ ጎበዝ ልጅ ጥያቄ እንዲሠራ ወደ ሰሌዳ ጠራሁትና ጠመኔውን ዘረጋሁለት። እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። «ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡልኝ፣ ቲቸር» አለኝ በትሕትና። አስቀመጥኩለት፤ አነሳውና ሠራው፣ መልሱም ትክክል ነበር። «በርታ» አልኩት። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ጭቃ ውስጥ አብረን እጃችንን ስንነክር የነበርን ነን እኮ!

ከዚያ በኋላ ወላጆች ልጆቻቸውን እየያዙ መውጣት ጀመሩ። አንድ አባት ሳስተምር በር ላይ ቆሞ ልጁን በስሟ ጠራና እጇን ይዞ ሄደ። የክፍሌ ወንበር ከቀን ወደ ቀን ባዶ ሆነ።

ሱፐርቫይዘሩ ሊመጣ ሲቃረብ አቶ ተካልኝ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ሻይ አስቀዱልኝ፤ ብርጭቆው ግን የቢሮው አልነበረም፣ ከየት እንዳመጡት እንጃ።

«ታደለች፣ መላ አግኝቻለሁ» አሉኝ ደስ ብሏቸው። «ሽማግሌዎቹን አነጋግሬያለሁ። የአንቺን ዘር በትክክል የሚያውቅ የለም፤ የታየው ገበያ ላይ መሳሳምሽ ብቻ ነው። ሱፐርቫይዘሩ በሚመጣበት ቀን እሱም ባለበት እሰበስባቸዋለሁ። ሴትየዋን አላውቃትም፣ ሌላ ሰው መስላኝ ነው ያቀፍኳት በይ። በቃ! ልጆቹ ይመለሳሉ፣ ትፈተኛለሽ፣ ትመረቂያለሽ።»

«አክስቴ ናት እኮ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። እኔ በግሌ እንዲህ ያለውን ኋላ ቀርነት እንደምጠላ አንቺም ታውቂያለሽ። ግን ለአንዲት ቃል ብለሽ ዲፕሎማሽን አታጪ።»

ልብ በሉ! ሰውዬው የሚያምኑበት ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው። ስህተት መሆኑን ያውቃሉ። እያወቁ መፍትሔ ያሉት ግን የእኔን መዋሸት ነው። ሽማግሌዎቹን ማስረዳት ቢያንስ ይሞከር እንኳ አላሉም። እኔ እንድታጠፍ ሲመክሩኝ ደግሞ ውለታ የዋሉልኝ ያህል ይሰማቸው ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ሱፐርቫይዘሩ በመኪና እስከሚቻለው መጥቶ፣ የቀረውን በእግሩ ወጥቶ እያለከለከ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ትንሽ ራቅ ብለው ወላጆች ቆመዋል፣ ከነልጆቻቸው። ነገሩ በቶሎ ካለቀ ወዲያው ክፍል ሊያስገቧቸው ነው። አቶ ተካልኝ እንዳዘጋጁት ተነስተው ጠየቁኝ፦

«ታደለች፣ ያን ዕለት ገበያ ላይ ያቀፍሻትን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?»

እናቴ ታወሰችኝ፤ ምረቃዬን ለጎረቤት ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። «አላውቃትም» ብል ማንም አይሞትም። ቃሉ አፌ ውስጥ መጥቶ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን እነዚያን ልጆች አየኋቸው። ያንን ብዬ ክፍል ብገባ ምን ላስተምራቸው ነው?

አስተርጓሚ እንዳያስፈልግ በጋሞኛ መለስኩ። «ቦጋለች ትባላለች። የእናቴ እህት ናት። እናቴ ማና ናት፤ እኔም ማና ነኝ። ልጆቻችሁን ያስተማርኳቸው በዚህ እጄ ነው።»

ከሁሉም በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱና «እውነቱን ስለነገርሽን ተባረኪ። ልጆቻችንን ግን አንሰጥሽም» አሉኝ። ወላጆቹ ልጆቻቸውን እየያዙ ወጡ። ያ ጠመኔ ያልተቀበለኝ ልጅ እየዞረ እየዞረ እያየኝ ሄደ።

«አንዲት ቃል!» አሉኝ አቶ ተካልኝ፣ ትሕትናቸው ሁሉ ጠፍቶ። «አንዲት ቃል ብቻ ነበር እኮ! እኔን ምን አደረግሽኝ?» ይኸው፣ የተበደሉት እሳቸው ሆኑ!

ሱፐርቫይዘሩን ተከትዬ ቁልቁል መንገድ ድረስ ሄድኩ። የትምህርት ዕቅዴን ሰጠሁት። አገላብጦ አየና «ጎበዝ መምህር ነሽ፤ ግን ተማሪ በሌለበት ምን ላይ ማርክ ልስጥሽ? ከማኅበረሰቡ ጋር አልተግባባሽም» አለኝ። አልተግባባሽም! ከጥጃ ጋር ካሳደሩኝ ሰዎች አልግባባም ያልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ያን ዕለት ሳልሰድበው አፌ እንዴት እንደቻለ ዛሬም ይገርመኛል።

ወደቅሁ። ጓደኞቼ ሲመረቁ እኔ ቤት ተቀምጬ ነበር። እናቴ ጭቃዋን ስታቦካ እንደ ወትሮዋ አታንጎራጉርም ነበር። ኮሌጁ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ልምምዱን በዓመቱ እንድደግም ፈቀደልኝ። ምዕራብ ዓባያ ተመደብኩ። ማንነቴን የጠየቀኝ ሰው የለም። ያንኑ ዕቅድ፣ ያንኑ አፈር፣ በዚያው እጄ አስተማርኩ። «ኤ» ሰጡኝ። ሰው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር ይለኛል። እኔ ውጤቱን ሳየው ይበልጥ ነው የተናደድኩት፤ ያኔም የሚገባኝ ይኸው ነበራ!

አቶ ተካልኝ ከዚያ በኋላ አድገው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጡ ሲሉ ሰማሁ። አልገረመኝም።

ዲፕሎማዬን እንደያዝኩ ደጋ ወጥቼ አክስቴ ቤት ሄድኩ። እጇን ሁለት ጊዜ ታጥባ፣ በቀሚሷ ጠርጋ ነው ዲፕሎማውን የነካችው። ማንበብ ስለማትችል ፎቶዬን በጣቷ እየዳሰሰች ትስቅ ነበር። ከዚያ «ዓመት ሙሉ ምን አዘገየሽ?» አለችኝ። እስከዚያ ቀን የሚነግራት ሰው አላገኘችም ነበር። እኔ ነገርኳት፤ ሽማግሌዎቹን፣ ዛፉን፣ ያልኩትን ሁሉ።

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ተቆጣች።

«አንቺ ሞኝ! አላውቃትም ብትያቸው ምን ነበረበት?» አለችኝ። «እኔ እኮ አልከፋም ነበር።»

ልታጽናናኝ ብላ አይደለም። ፊቷን አይቼዋለሁ፤ እውነቷን ነው። እህቷ የወለደቻት ልጅ በአገር ፊት አላውቃትም ብትላት ከልቧ አይከፋትም ነበር።

አክስቴ ካረፈች ቆይቷል። ቆርቆሮ ሳህኑንም፣ በረቱንም፣ ያለፈብኝን ዓመትም ለእግዜር ብዬ ልተወው እችል ይሆናል። አንዲት ሴት የገዛ ወገኗ ሲክዳት እንኳ የማይከፋት እስክትሆን ድረስ ያደረሷትን ሰዎች ግን ይቅር አላልኩም፣ አልልምም።