የመጋዘኑ አክፍሎት

አዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል እያስጫንኩ ነው የያዙኝ። «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» አሉኝ። ለአምስት ደቂቃ የሚፈለግ ሰው ልብስ ይዞ አይሄድም፤ እኔም መኪናው ላይ የጣልኩትን ጃኬት እንኳ አላነሳሁም። እንጅባራ ሲያደርሱኝ በሸሚዝ ነበርኩ፤ ኋላም ከቤት ምግብ እንጂ ልብስ አያስገቡልንም። የእንጅባራን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ያስገቡን ድሮ ማዳበሪያ ይቀመጥበት የነበረ መጋዘን ነው። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፣ ሽታው ግን አብሮ አልወጣም። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። መስኮት የለውም፤ ከቆርቆሮው ሥር መዳፍ የምታህል ክፍተት አለች፣ ብርሃን በእሷ ነው የሚገባው። ሰዉ ወለሉ ላይ እንደ ጆንያ ጎን ለጎን ተደርድሮ ተኝቷል። ሳየው መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ የነጋዴ ነበር፤ ይሄ ዕቃ በወጉ አልተጫነም አልኩ በልቤ።

ጥያቄው ለሁላችንም አንድ ነው፤ ጫካ ላሉት ምን አቀበልክ? እኔ ያቀበልኩት ለሻይ ቤቶች ከሰል ነው። ደጋግሜ ተናገርኩ። ደጋግመው አላመኑኝም። አፌ ፈታ ያለ ስለሆነ እስረኞቹ ካቦ አደረጉኝ፤ ውሃ የማካፍለው፣ የመኝታ ጠብ የምዳኘው፣ ሰው ሲታመም በር የማንኳኳው እኔ ሆንኩ።

ከጎኔ የሚተኙት ከአዘና ገጠር የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከራሳቸው ጋር በአገውኛ ነው የሚያወሩት። የታሰሩት በልጃቸው ነው። ልጁን ፈልገው ሲያጡት አባቱን ወሰዱ፤ «እሱ ሲገኝ ትወጣለህ» ብለዋቸዋል። ስለዚህ የሽማግሌው ጸሎት አንድ ብቻ ነበር፣ ልጁ እንዳይገኝ። «እኔ እዚሁ ልክረም፣ ምን ጎደለኝ» ይሉኛል፣ እግራቸውን የሚዘረጉበት ቦታ ሳይኖራቸው።

በሰሞነ ሕማማት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ከዚያው ከአዘና በኩል አንድ አዲስ እስረኛ ገባ። ሽማግሌውን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ቆይቶ ወደ ጥግ ሳበኝና በጆሮዬ ነገረኝ። ልጁ ሰኞ ዕለት ተገድሏል፤ ተቀብሯል።

«ካቦው አንተ ነህ፣ አንተ ንገራቸው» አለኝ።

መርዶ በወጉ ሊነጋ ሲል ነው የሚነገረው፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው። እኛም የቻልነውን አደረግን። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በዕድሜ ከፍ ያሉትን ይዤ ፊታቸው ቁጭ አልኩ። ገና አፌን ሳልከፍት አንድ በአንድ አዩን።

«ተገኘ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባቴ።»

አላለቀሱም። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

የዚያን ቀን ከቤት የመጣ ምግብ ሲከፈት አንድ ጉርሻ ይዤ ሄድኩ። «አክፍሎት ነኝ» አሉኝ። አክፍሎት ነኝ ያለን ሰው ብላ አይሉትም፣ ጠጣም አይሉትም። እስከ ትንሣኤ እህልም ውሃም በአፉ አይዞርም፤ እንዲያውም ይከበራል። እስረኞቹ አከበሯቸው፣ ከደጃፉ የራቀ የተሻለ ቦታ ለቀቁላቸው። እኔም አከበርኩ። ያከበርኩት ግን እስከ ዓርብ ነው።

ዓርብ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝ።

«ብርዱ ገደለህ ልጄ፣ ውሰደው።»

«እርስዎስ?»

«እኔን ከእንግዲህ አይበርደኝም።»

የውሃ ላስቲካቸውን ለአዲሱ እስረኛ ሰጡት። መቁጠሪያቸውን ለሌላ። ሱቁን የሚዘጋ ሰው ዕቃውን እንዴት እንደሚያወጣ አውቃለሁ፤ ሲስቅ እንኳ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ የለም። የሚጾም ሰው የሚፈስክበትን ያስባል። እኒህ ሰውዬ ግን እሑድ የሚባል ቀን አልነበራቸውም። አክፍሎቱ ሽፋን ነው። በጾሙ አሳብበው ሊሞቱ ነው፣ እኛም በአክብሮት እያየናቸው።

ቀረብ ብዬ ተቀመጥኩ። «አባቴ፣ እሑድ በምን ይፈስካሉ? ባለቤቴ ከዳንግላ ስትመጣ ተልባ ታምጣልዎት?»

በጣታቸው ግድግዳውን መፋቅ ጀመሩ።

«እሑድ ይቀምሳሉ አይደል?»

ከግድግዳው ሳይዞሩ «ነጋዴው» አሉኝ። «ሙታን ይነሣሉ ሲሉህ ታምናለህ?»

መዋሸት ለእኔ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ለዳኛም ለሚስቴም ችዬበት ኖሬአለሁ። ለእሳቸው ግን አልወጣልኝ አለ። እኔ ትንሣኤን የማውቀው ከሰል ሲወደድና በግ ሲታረድ ነው። በየዓመቱ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል።

«ሲሉ ሰምቻለሁ» አልኳቸው።

«እኔም እንዳንተው ስሰማ ነው የኖርኩት።» መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ በሕማማት ነው የሞተው፣ ፍትሐት እንኳ የለው» አሉ።

«በሆሳዕና ተፈትቶ የለ? በዚህ ሳምንት ለሚሞት ሁሉ ያን ዕለት እኮ ነው የሚፈታው።»

«ያን ዕለት የት እንደዋለ በምን አውቄ?»

ተነሥቼ በሩን አንኳኳሁ። ለዘበኛው «ሰው እየሞተ ነው፣ ሐኪም ጥራልን» አልኩት።

«ምን ሆነ?»

«አይበላም።»

«ጾም ነዋ!» አለና ሄደ። እውነቱን ነው፣ ጾም ነበር።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ያው ዘበኛ በሩን ከፍቶ፣ «አንተ ከሰሉ! ና ጆንያ አውርድ» አለኝ። ለበዓሉ ለዘበኞቹ ማብሰያ ከሰል መጥቷል። ለወራት ያልነካሁትን የገዛ ዕቃዬን ሳየው ልቤ ደነገጠ። በእኛ አገር ከሰሉ እንዳይፈስ የጆንያው አፍ ባገኙት ለምለም ነገር ይወተፋል፤ የደጋው በቅጠል፣ የረግረጉ ዳር በቀጤማ። ይሄ በቀጤማ የተወተፈ ነበር። ገና አልጠወለገም። ቀዳም ሥዑር እንደሆነ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ውጭ ቄሶቹ ቀጤማ ይዘው በየቤቱ እየዞሩ ነው፣ ሰዉ ግንባሩ ላይ እያሰረ ነው።

ሁለት እፍኝ መዝዤ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩ። ዘበኛው አየኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የበዓል ልብሴ ነው።»

ሊስቅ ፈለገ፣ ተወው። «ግባ» አለኝ።

ለሁሉም ሁለት ሁለት ዘንግ አካፈልኩ። መጋዘኑ በሙሉ፣ ጥላሸት የነካው ቀጤማ ግንባሩ ላይ አሰረ። ለሽማግሌው ስዘረጋላቸው እጄን በቀስታ መለሱት። «ቀጤማ የጥፋት ውሃው ለጎደለለት ነው። የእኔ አልጎደለም» አሉኝ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። የእሳቸውን ድርሻ ኪሴ ከተትኩት።

አንድ ዘዴ ብቻ ቀርቶኛል አልኩ። ክርስቶስ ተንሥአ ሲባል ዝም የሚል ክርስቲያን አይቼ አላውቅም፤ የተጣላ እንኳ ይመልሳል። ካስጀመርኳቸው ይመልሳሉ። ከመለሱ ውሃ አስይዛቸዋለሁ። ገበያ ላይ አንድ ቃል ያወጣ ሰው ዋጋ ሳይናገር አይሄድም። ሐሳቤ ይሄ ነበር እንጂ ሌላ መንፈሳዊ ነገር አልነበረበትም።

ሌሊቱን የደወል ድምፅ ስንጠብቅ አደርን። አልመጣም። በሰዓት እላፊው ምክንያት ይሁን በሌላ አላውቅም፣ ከተማው ጭጭ አለ። ትንሣኤ መሆኑን የነገረን የአንድ ጎረቤት ዶሮ ነው፣ ያልታረደ። ክፍተቷ ግራጫ ስትሆን ተነሥቼ ቆምኩ።

«ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!»

«በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» አለ መጋዘኑ፣ እንቅልፍ በያዘው ድምፅ። ሽማግሌው አልመለሱም።

«አሰሮ ለሰይጣን!»

«አግዓዞ ለአዳም!»

ድምፁ ከጠበቅኩት በላይ ነበር፣ ቆርቆሮው ነዘረ። ሰይጣንን አሰረው፣ አዳምን ነፃ አወጣው። ከልጅነቴ ጀምሮ ብዬዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ታስሬ ብዬው አላውቅም።

«ሰላም!»

«እምይእዜሰ!»

የቀረችኝ አንዲት ቃል ናት፤ ኮነ። ሆነ ማለት ነው። ከእንግዲህስ ሆነ፣ ደስታና ሰላም። ልላት አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣችም። ከፊቴ ቀጤማ ያሰሩ፣ ጥርሳቸው የሚንቀጫቀጭ ሰዎች ዓይን ዓይኔን ያያሉ። እዚያ ጥግ ልጁ የሞተበት አባት አለ። ምኑ ሆነ? በዚያችው ቅጽበት ግን፣ ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፣ ሆኖ ቢሆንስ የሚል ነገር ደረቴን መታኝ። እንደ ተስፋ አልነበረም፤ ከኋላ እንደተገፋ ሰው ነው ያደረገኝ። እውነት ከሆነ የእኒህ ሰውዬ ልጅም አለ ማለት ነው። ለሌላ ሰው ያጠመድኩት ወጥመድ ውስጥ ቆሜ፣ ምላሴ ደርቆ ቀረ። አንዱ ሳለ።

«ኮነ» አለ አንድ ድምፅ ከግድግዳው በኩል። የተሰነጠቀ፣ ደረቅ ድምፅ።

«ፍሥሐ ወሰላም!» አለ መጋዘኑ።

ሽማግሌው በክርናቸው ተደግፈው ተነሥተዋል። በሶ በጥብጬ ያስቀመጥኩበትን ላስቲክ ይዤ ተንበረከክሁ። በመጀመሪያ ግን «ያቺን ቀጤማ» አሉኝ። ከኪሴ አወጣሁላቸው፤ ጠውልጋለች። ራሳቸው አሰሯት። ከዚያ ጠጡ። ግማሹ በጢማቸው ፈሰሰ።

«ምነው ዝም አሉ ስል ከርሜ ዛሬ መለሱልኝ» አልኳቸው፣ ቀልዴን ፍለጋ።

«ነጋዴ ምላሱ ሲያዝ አይቼ አላውቅም» አሉኝ። «ስትጀምር ልትሸጥልኝ መስሎኝ ነበር። ሲያቅትህ ነው፣ እውነት ሳይሆን አይቀርም ያልኩት።»

ወዲያው በሩ ተከፈተ፤ ዘበኛው ሊቆጥረን ነው። ግንባራችንን አይቶ ቆመ። ሽማግሌው ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። አንድ እጄን ልሰጣቸው ስል ገፉኝ። ቀጥ ብለው ቆሙና ፊት ለፊት አዩት።

«ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፣ ልጄ።»

ዘበኛው ወደ ኋላው ገልመጥ አለ። ማንም አልነበረም። «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» አለ፣ ለደረቱ እንደሚናገር ሰው። ሳይቆጥረን በሩን ዘጋ። ቁልፉ ያው የወትሮው ድምፁን አሰማ።

ሽማግሌው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። የልጃቸውን ስም በአገውኛ ዜማ እየጠሩ እስከ እኩለ ቀን አለቀሱ፤ እኛም ቀጤማችንን እንዳሰርን እንደ ለቅሶ ቤት ዙሪያቸውን ተቀመጥን። ፋሲካን እንዲያ ዋልን። ማንም ደስ ይበለን ያለ የለም።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ስማቸውን ጠርተው ወሰዷቸው። ጋቢውን ልመልስላቸው ስል «ልበሰው» አሉኝ። ወዴት እንደወሰዷቸው አልተነገረንም። እኔን ከወራት በኋላ ለቀቁኝ፣ ለምን እንደያዙኝ ሳይነግሩኝ፤ ለምን እንደለቀቁኝም አልጠየቅኩም።

አሁን ዳንግላ ነኝ፣ ያው ከሰሌን እሸጣለሁ። ከአዘና በኩል የመጣ ባለ ጋሪ ባገኘሁ ቁጥር ስለ ሽማግሌው እጠይቃለሁ። አንዱ ሞተዋል ይባላል ይለኛል፣ ሌላው ሌላ ቦታ ታስረዋል ይለኛል። እርግጠኛ የሆነ የለም። እኔም ያን ዕለት ደረቴን የመታኝ ነገር አሁን በእጄ አለ ብዬ አልምልም፤ አንዳንድ ቀን አለ፣ አብዛኛውን ቀን ከሰል ብቻ ነው ያለው።

በየዓመቱ የትንሣኤ ለት ግን ጋቢያቸውን ለብሼ ቤተሰቤን አቆማለሁ፣ አስጀምራለሁ። እምይእዜሰ ሲሉኝ ዝም እላለሁ። ባለቤቴ የረሳሁት እየመሰላት «ኮነ በል እንጂ!» ትለኛለች።

አልረሳሁትም። የእሳቸው ተራ ስለሆነ ነው።