ስፕሪስ በበረዶ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ንጋት፣ በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቦታው ፈረንጅ አገር፣ አዲሰን በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከቢሮ ሕንፃዎቹ ማዶ ያለ ትንሽ ቡና ቤት ነበር። የቤቱ ባለቤት እትዬ ብዙነሽ ሽርጥ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ፤ ማይክሮፎን ያለው ማዳመጫ ራሴ ላይ ደፉልኝና ሹፌሮች ከመኪና ሳይወርዱ በሚያዙበት መስኮት በኩል ገፋ አደረጉኝ። "ሰላም በዪ፣ ምን ልታዘዝ በዪ። ሥራው ይኸው ነው" አሉኝ።

የመጀመሪያው መኪና መጣ። "ሰላም፣ ምን ልታዘዝ?" አልኩ፣ እንደ ልማዴ በሹክሹክታ። ሹፌሩ "ሄሎ?" አለ። ደገምኩለት። "ሄሎ? ክፍት ናችሁ?" አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ልሞክር ስል መኪናው ሄደ። እትዬ ብዙነሽ አንገታቸውን በመስኮቱ አውጥተው እስኪታጠፍ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ትዕዛዝ እየተቀበልሽ ነው ወይስ ንስሐ እየገባሽ?"

የሥራ ባልደረባዬ ሚኪ ይህን ሰምቶ ወተት ሊያፈስ ምንም አልቀረውም። ሚኪ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ቅርብ፣ ፕሌኖ ነው። አማርኛ ሁሉንም ይሰማል፤ ሲናገር ግን ግሱ በየሄደበት ይቀራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ "ሚስ ዊስፐር"፣ ወይዘሪት ሹክሹክታ፣ የሚል ስም አወጣልኝ።

እኔ አርሊንግተን ካለው ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቄ የላብራቶሪ ሥራ እየፈለግሁ ነበር። ላብራቶሪ ውስጥ ማንም አያነጋግርሽም። ኬሚስትሪን የመረጥኩበት ዋናው ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ሥራው እስኪገኝ ድረስ ግን ከአክስቴ ከጽጌ ጋር እኖር ስለነበር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ደስ አላለኝም።

በቡና ቤታችን ማዕረግ አለ። ዝቅተኛው ጠረጴዛ መጥረግና ዕቃ ማጠብ ነው። ከእሱ ቀጥሎ መስኮት፣ ከመስኮት ቀጥሎ ገንዘብ መቀበያው ይመጣል፤ ይህኛውን እትዬ ብዙነሽ ለማንም አይሰጡም። ከሁሉ በላይ ማሽን አለ። ማሽን ላይ የሚቆም ሰው ፊቱን ለማሽኑ፣ ጀርባውን ለደንበኛው ይሰጣል። ቡናው ሲፈጭና ወተቱ በእንፋሎት ሲንጫጫ ማንም ምንም ቢለው አይሰማም። እኔ ገነትን የማስባት እንደዚያ አድርጌ ነበር።

በጋው ሊገባ ሲል ማሽኑ ላይ የነበረችው ልጅ ነርሲንግ ትምህርት ጀምራ ለቀቀች። እትዬ ብዙነሽ እኔንና ሚኪን ጠሩን።

"እነዚህ የቢሮ ሰዎች ምሳ ሲበሉ ኬክም ያምራቸዋል፣ ቡናም ያምራቸዋል። ሁለቱን መያዣ እጅ ግን የላቸውም፤ አንዱ እጃቸው ስልክ ይዟል። ሶ፣ ዲዘርትም ቀዝቃዛ ቡናም የሆነ ነገር በአንድ ብርጭቆ ሠርታችሁ አምጡልኝ። ሐሙስ እቀምሳለሁ። ያሸነፈ ማሽኑን ይይዛል፤ የተሸነፈ መስኮቱን።"

"ለስንት ጊዜ ነው መስኮቱ?" አልኳቸው።

"ጡረታ እስክትወጪ።"

ሚኪ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "እኔ ቺዝኬክ ኮፊ ይሠራል። አንቺ መስኮት ይቀመጣል። ሶሪ፣ ሚስ ዊስፐር።"

ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ሐሳብ አልመጣልኝም። በመጨረሻ የመጣልኝ በማዳመጫው ውስጥ ነው። ጋሽ ደምሴ የሚባሉ የኤርፖርት ታክሲ ሹፌር አሉ፤ መስኮቱ ጋ ሳይደርሱ የሚያልፉበት ቀን የለም። የዚያን ዕለት ጥቁር ቡናቸውን አዘዙና እንደመቆየት አሉ።

"እኔ የምልሽ ልጄ፣ እናንተ ቤት ስፕሪስ የለም እንዴ?"

"የለም ጋሼ።"

"ኤዲያ! ስፕሪስ የሌለው ቡና ቤት! አንድ ስፕሪስ ብትሠሪልኝ፣ ማርያምን፣ የኤርፖርቱን ሹፌር ሁሉ ጎትቼ ነበር የማመጣልሽ።"

ከኋላቸው ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ፤ እሳቸውም ሄዱ። እኔ ግን ማይክሮፎኑን ሳልዘጋ "ስፕሪስ!" ብዬ ለራሴ ተናገርኩ። የሚቀጥለው ሹፌር "ኤክስኪዩዝ ሚ?" አለኝ።

ከአዲስ አበባ ስመጣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። የማውቀው ስፕሪስ የጭማቂ ቤቱን ነው፤ ከታች አቮካዶ፣ ከላይ ማንጎ፣ ከማንጎው በላይ ፓፓያ፣ ሳይቀላቀል ተደራርቦ በማንኪያ የሚበላውን። ከዚያ የበለጠ ዲዘርት በሕይወቴ አላየሁም። የቀረው ቡና መጨመር ብቻ ነው አልኩ። ጋሽ ደምሴን አንድ ሁለት ነገር ብጠይቃቸው ጥሩ ነበር። ለመጠየቅ ግን መናገር ያስፈልጋል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በአክስቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሙከራ ጀመርኩ። በምድጃ ላይ በምትጣደው የጣልያን ማፍያ ቡና አፈላሁ። አቮካዶውን በብሌንደር ፈጭቼ ብርጭቆ ውስጥ አደረግሁና የፈላውን ቡና ከላዩ ደፋሁበት። አቮካዶው ተቀቀለ። መልኩም ሽታውም እዚህ የሚጻፍ አይደለም። አክስቴ ከሥራ ገብታ በትከሻዬ አሻግራ አየችው።

"ለፀጉርሽ ነው?"

"ለመጠጥ ነው።"

"ለማን? ምን አድርጓችሁ?"

ከዚያ በኋላ እንደ ኬሚስትሪ ተመራቂ ማሰብ ጀመርኩ። ቡናው ቀድሞ መቀዝቀዝ አለበት። ተራ በረዶ ከተጨመረ ደግሞ ሲቀልጥ ቡናውን ውኃ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከቡናው ግማሹን በበረዶ መሥሪያው ትሪ አድርጌ ፍሪዘር ከተትኩት። አቮካዶው አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ጥቂት ጠብታ ሎሚ ያንን ያቆመዋል። ማንጎን ከቡና ጋር ማስማማት ግን አልቻልኩም። ሁለቱ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ሲገናኙ ይጣላሉ፤ ማንጎው ይኮመጥጣል፣ ቡናው ይከፋዋል። ፓፓያንማ አልሞከርኩትም።

ጣፋጭነቱ የመጣው በቆርቆሮ ከታሸገ ወፍራም ጣፋጭ ወተት ነበር። በማንኪያ አድርጌ ለአክስቴ ዘረጋሁላት።

"ወተት አለው?"

"አለው።"

"ረቡዕ መሆኑን ረሳሽው? አንቺስ ብትሆኚ ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየቀመስኩ አይደለም፤ እየለካሁ ነው።"

"በምላስሽ ነው የምትለኪው?"

ሱቅ ሄጄ ከኮኮናት የተሠራውን ወፍራም ጣፋጭ ወተት ገዛሁና እንደ አዲስ ጀመርኩ። አክስቴ ይኼኛውን ቀመሰች። ቆርቆሮውን አነሣች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን እስከ መጨረሻው አነበበች።

"እርግጠኛ ነሽ፣ የጾም ነው?"

"የጾም ነው።"

"የጾም ምግብ እንዲህ መጣፈጥ የለበትም። ትርጉሙን ያጣል" አለች። ብርጭቆውን ግን አልመለሰችልኝም።

ቤቱ መሞከር ለሚፈልግ ሰው አሠራሩ ይህ ነው። አንድ የበሰለ አቮካዶ፣ ሁለት ትልልቅ ማንኪያ ወፍራሙ የኮኮናት ጣፋጭ ወተት፣ ጥቂት ጠብታ ሎሚና ቁንጥር ጨው እስኪለሰልስ ይፈጫል፤ ለሁለት ሰው ይበቃል። ይህ በብርጭቆው ሥር ይሆናል። ብርጭቆው የሚያሳይ ይሁን፤ ካልታየ ልፋቱ ከንቱ ነው። ከላዩ ከቡና የተሠራው በረዶ ይደረደራል። ቀዝቃዛው ወፍራም ቡና በተገለበጠ ማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ ተደርጎ ይፈስሳል፤ በቀጥታ ከፈሰሰ አቮካዶውን ይበሳዋል። መጨረሻ የተመታ የኮኮናት ክሬምና የተፈረፈረ ደረቅ ብስኩት ይነሰነስበታል። አይማሰልም። በማንኪያ ከሥር ወደ ላይ እየተዛቀ ይበላል፤ ወይም ይጠጣል፤ ይህንን እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

ሐሙስ የምሳው ግርግር ካለቀ በኋላ እትዬ ብዙነሽ ወንበር ስበው ተቀመጡ። መጀመሪያ የሚኪ ቺዝኬክ ኮፊ ቀረበ። ሲታይ ያምር ነበር። እትዬ ብዙነሽ በስትሮው ሳቡ። ምንም አልመጣም። ጉንጫቸው እስኪገባ ድረስ ደግመው ሳቡ።

"ሚኪ፣ ይሄ ቡና ነው የሳንባ ምርመራ?"

"ቺዙ ትንሽ ወፍራም ነው" አለ ሚኪ። "ፎርክ ላምጣ?"

ቀጥሎ የእኔን አስቀመጥኩ። ከጎን አዩት፣ አንዴ ቀመሱ፣ እንደገና ቀመሱ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀምጠው ስሙን ጠየቁኝ።

"ስፕሪስ በበረዶ።"

"ስፕሪስ? ማን ስፕሪስ ጠየቀሽ?"

"ጋሽ ደምሴ። አጥብቀው ነው የጠየቁኝ።"

እትዬ ብዙነሽ ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ ብስኩቱ ትን ያላቸው መስሎኝ ውኃ ላመጣ ተነሣሁ። ሲመለሱ ፊታቸው የዳኛ ፊት ሆኗል።

"እንግዲያው የሚፈርዱት እሳቸው ናቸው። ስፕሪስ ነው ካሉ ማሽኑ ያንቺ ነው። አይደለም ካሉ የሚኪ ነው" አሉና ስልክ መቱላቸው። "ጋሽ ደምሴ፣ ኤርፖርቱን ይተዉትና ይምጡ። ስፕሪስ ተሠርቶልዎታል።"

ጋሽ ደምሴ ታክሲያቸውን ፓርክ አድርገው እጃቸውን እያፋተጉ ገቡ። ተቀመጡ። ብርጭቆውን ፊታቸው አኖርኩት። ወደ ብርጭቆው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ቀጥሎም ሌላ ብርጭቆ የያዝኩ እንደሆነ ብለው ወደ እጄ አዩ።

"ይሄ አረንጓዴው ምንድን ነው?"

"አቮካዶ ነው ጋሼ።"

"ስፕሪሱስ?"

"እሱ ነው ስፕሪሱ።"

"ልጄ፣ ስፕሪስ እኮ ሻይና ቡና ነው! ግማሽ ሻይ፣ ግማሽ ቡና! አቮካዶ እዚህ ምን አባቱ ይሠራል?"

እትዬ ብዙነሽ ይህን እየጠበቁ ኖሯል፤ ጠረጴዛውን እየመቱ ሳቁ። እኔ ጆሮዬ ጋለ። ልጅ ሆኜ ጭማቂ ቤት እንጂ ቡና ቤት ማን ይወስደኛል? ቡና ለልጅ አይሰጥም። ሻይና ቡና ሲደባለቅም ስፕሪስ እንደሚባል የሰማሁት በሃያ አራት ዓመቴ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አዲሰን ውስጥ ነው።

"ዌት" አለ ሚኪ። "ሁለት ስፕሪስ አለ? ኋይ?"

"ሁለት ነገር ከተገናኘ ስፕሪስ ነው፤ አገሩ እንደዚያ ነው" አሉት እትዬ ብዙነሽ እንባቸውን እየጠረጉ።

"ኦኬ። ሶ፣ እኔ አሸነፈ" አለና ማሽኑ ላይ የተሰቀለውን ፎጣ አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣለ።

ያንን ፎጣ ትከሻው ላይ ሳየው የመስኮቱ ዕድሜ በሙሉ ታየኝ፤ ሄሎ፣ ሄሎ፣ ክፍት ናችሁ።

"ጋሼ፣ ሳይቀምሱማ አይፈርዱም!" አልኩ።

የተናገርኩት ጮክ ብዬ ነበር። ጥግ ላይ ላፕቶፕ ይዞ የተቀመጠው ሰውዬ አማርኛ ባይሰማም ማዳመጫውን አወለቀ። ጋሽ ደምሴ ከድንጋጤያቸው የተነሣ ማንኪያውን አነሡ።

ቀመሱ። ፊታቸውን ጨማደዱ። እንደገና ቀመሱ፣ አሁን ከሥሩ ጀምረው። ከዚያ በኋላ ማንኪያው ብርጭቆውን ሲነካ ብቻ ይሰማል። ብስኩቱ አለቀ፣ ቡናው አለቀ። በመጨረሻ ማንኪያው ሥሩን ሲፍቅ ሰማን።

"እና?" አሉ እትዬ ብዙነሽ። "ስፕሪስ ነው?"

"አይደለም" አሉ ጋሽ ደምሴ።

ሚኪ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ።

"ስፕሪስ አይደለም። ቡና ላይ አቮካዶ መጨመርም ነውር ነው" አሉና አፋቸውን ጠርገው ባዶውን ብርጭቆ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "ነውሩን ድገሚኝ።"

እትዬ ብዙነሽ ከሚኪ ትከሻ ላይ ፎጣውን አንሥተው ሰጡኝ። "ፍርዱ ግን አይደለም ነው!" ብሎ ሚኪ ተከራከረ። "ፍርዱን ሰማሁ" አሉት፤ "ብርጭቆውን ደግሞ አየሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ "ማሽኑ ያንቺ ነው። ሰውዬው የጠየቁትን ስፕሪስ ግን እስካሁን የሠራላቸው የለም።"

እውነታቸውን ነበር። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ማሽኑን ከማሞቄ በፊት ሻይ ጣድኩ። ወፍራም አድርጌ አፈላሁት፤ ጋሽ ደምሴ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ግማሹን ሻይ፣ ግማሹን ቡና፣ ልክ እንዳሉት ቀድቼ፣ ሚኪን ገለል አድርጌ በራሴ እጅ አቀበልኳቸው።

ክዳኑን ከፍተው አዩት። "ምንድን ነው ይሄ?"

"ስፕሪስ ነው ጋሼ። ሻይና ቡና።"

በመስኮቱ ውስጥ አሻግረው ወደ ብሌንደሩ ተመለከቱ።

"አቮካዶውስ?"

ዛሬ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የማለማምደው እኔ ነኝ። ስለ ወተት ሙቀትና ስለ ቡና አፈጫጭ ብዙ እነግራቸዋለሁ፤ ግማሹን ይረሱታል። አንድ ነገር ግን እንዲረሱ አልፈቅድም። ሰው ስፕሪስ ሲል፣ ትናንት የጠጣውን ብታውቁም፣ "የትኛውን?" ብላችሁ ጠይቁት። እኔም የዚያን ጠዋት ወደ ማሽኑ ሳልመለስ፣ ከጋሽ ደምሴ ኋላ ሦስት መኪና ተሰልፎ ጡሩምባ እየነፋ፣ "የትኛውን?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ሁለቱንም" አሉኝ።