እማማ አልቀመጥበትም ያሉት ሶፋ

አማቴ ተጋድመው መተኛት አይችሉም ነበር። ጀርባቸው ፍራሽ እንደነካ ትንፋሻቸው ይቆረጣል። ስለዚህ ሌሊቱን በሙሉ መደብ ላይ ቁጭ ብለው፣ የጭቃውን ግድግዳ ተደግፈው፣ አንገታቸው ደረታቸው ላይ እየወደቀ ያነጉ ነበር። ጠዋት ስገባ የግድግዳው ኖራ ነጠላቸው ላይ ታትሞ አየዋለሁ። የክሊኒኩ ድሬሰር «ልባቸው ደክሟል፤ ደገፍ ብለው ይተኙ» ብሎ ኪኒን ሰጠን። በምን ላይ እንደሚደገፉ ግን አልነገረንም።

ባለቤቴ በዚያን ጊዜ አሰበ ተፈሪ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ከሸዋ ተዛውሮ ሲመጣ እናቱንም ይዘን መጣን። ለዚህ አመስጋኝ ነኝ፤ ልጆቼን ጸሎት ያስተማሩልኝ እሳቸው ናቸው። ሰዉ ሁሉ እማማ ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ።

የሶፋውን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ዳኛው ቤት ክርስትና ተጠርተን እማማን የቆዳ ሶፋ ላይ አስቀመጥናቸው። ሰው ሲበላና ሲጫወት እሳቸው ራሳቸውን ደገፍ አድርገው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ትንፋሻቸው ሳይቆራረጥ፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ እንደ ሕፃን። ሰዎች ሳቁ። እኔ ቆሜ ትንፋሻቸውን አዳመጥሁ። መድኃኒቱ ይኸው ነው አልሁ በልቤ።

አዲስ ሶፋ ለእኛ የሚታሰብ አልነበረም፤ ሰው የተገለገለበት አሮጌ መፈለግ ነበረብን። ባለቤቴ ሐሳቡን ወዲያው ወደደው። ችግሩ የጀመረውም እዚያ ላይ ነው። እኔ ለእናቱ መኝታ ስል እሱ ለእንግዳ መቀበያ አደረገው።

«ካልቀረ ከፋይ ይሁን» አለ። «ከፋይ የገባበት ቤት ቤት ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚህ ለስላሳ ጨርቅ በቀር የሌላ ስም ከአፉ አልወጣም።

መጀመሪያ እዚያው ከተማችን ውስጥ አንድ ሹም ሊዛወር ነውና ዕቃውን ይሸጣል ተባለ። ሄድን። ሶፋው አረንጓዴ ከፋይ የለበሰ፣ ሰፊ፣ መሬት መሬት የሚል ነበር። ባለቤቴ ተቀመጠና ሰመጠ። ጉልበቱ ከአገጩ እኩል ሆነ።

«እንዴት ነው?» አለኝ ከታች ሆኖ።

«እናትህ እዚህ ውስጥ ከገቡ ማን ያወጣቸዋል?»

«እኛ ነና!»

«አንተ ፍርድ ቤት ነህ፣ እኔ ወፍጮ ቤት ነኝ።»

«ቀለሙን ግን እይው እንጂ። እንደ ሰኔ ሣር።»

ራሱም ለመነሳት የሹሙን እጅ መያዝ ነበረበት። እንደዚያም ሆኖ ሲወጣ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየው።

ቀጥሎ ገለምሶ የሚኖር አንድ ዓረብ የቡና ነጋዴ ቤቱን በአዲስ ዕቃ ሊለውጥ ነው ሲባል በጭነት መኪና ወረድን። ይኸኛው ወይን ጠጅ ከፋይ ነው፤ እግሩ የተፈለፈለ፣ ጫፉ ወርቃማ ዘርፍ የተንጠለጠለበት። ባለቤቴ ሲያየው ባርኔጣውን አወለቀ። እውነቴን ነው፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጀርባ የለውም» አልሁ።

«ትራስ አለው!»

«ትራስ ይሸሻል።»

«አንቺ ደግሞ ምን ያላወጣሽለት እንከን አለ?»

ነጋዴው ቅመም የበዛበት ሻይ እየቀዳልን ሰማንና ለማን እንደሆነ ጠየቀ። ነገርሁት። እሱ ሐቀኛ ሰው ነው፣ እግዜር ይስጠው።

«ወላሂ እህቴ እውነቷን ነው» አለ። «ይኼ በጎን ጋደም ብለው ጫት የሚቅሙበት ነው። እናትህ ይቅማሉ እንዴ?»

ባለቤቴ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ቤት ልንደርስ ስንል «ትራሱ ቢሰፋበት ኖሮ ይሆን ነበር» አለ። ዓቢይ ጾም ገብቶ ነበርና ምላሴንም እጾም ነበር።

እማማ ግን እየባሰባቸው ሄደ። ጾሙን አላፈርስም አሉ፤ ሌሊት ሌሊት እንደ ወናፍ የሚነፋ ትንፋሻቸውን ከአልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ሲቆም ልቤ ይቆማል፤ ሲቀጥል ተመስገን እላለሁ። ባለቤቴም ይሰማል። ይገላበጣል። ጠዋት ተነስቶ ደግሞ ስለ ቀለም ያወራል።

በመጨረሻ ሚኤሶ ወረድን። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ምግብ ቤት የነበረው አንድ ግሪክ ሞቶ ሚስቱ ወደ ወንድሟ ልትሄድ ዕቃዋን እየበተነች ነበር። ሙቀቱ ያፍናል። ሶፋው ጥቁር ቀይ ከፋይ ነው፤ ከፍ ያለ፣ እጀታው ወፍራም፣ ጀርባው ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ኋላ ትንሽ የተለመጠ። በአንደኛው ጫፍ፣ ራስ የሚያርፍበት ላይ፣ ከፋዩ ተልጦ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ጨርቁ ብቻ ቀርቷል።

ባለቤቴ ያንን አየና «ራሰ በራ ሶፋ!» አለ።

እኔ ተቀመጥሁ። ጫማዬ መሬት ነካ። ራሴን ደገፍ አድርጌ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ አንገቴ አልወደቀም። እጀታውን ገፋ አድርጌ ያለ ሰው እርዳታ ተነሳሁ። ደግሜ ተቀመጥሁ።

«ለማን ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«መጋደም ለማይችሉ እናት።»

ያንን የተላጠ ቦታ በእጇ ዳሰሰችው። «ባሌ ዓመት ሙሉ እዚህ ላይ ነው የተኛው» አለች። «እሱም መጋደም አይችልም ነበር። ይኼ ራሱ ያረፈበት ነው።»

ባለቤቴ ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ወሰደኝ። «ሰማሽ? የሟች ነው! ያውም የተላጠ! ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው አይተኛበትም» አልሁት። «የሚተኙት እናትህ ናቸው።»

ወደ ሶፋው አየ። ወደ እኔ አየ። «ቀለሙ ግን መጥፎ አይደለም» አለ በመጨረሻ። እግዚአብሔር ያያል፣ እዚያው በረንዳው ላይ ልጮህ ነበር።

የገዛነው ሶፋ ከጭነት መኪናው ሲወርድ ሠፈሩ በሙሉ ወጣ። አውራጆቹ በኦሮምኛ «ሱታ! ሱታ!» እየተባባሉ ቀስ አድርገው አስገቡት፤ በመስኮቱ ሥር አስቀመጥነው። እማማን ክንዳቸውን ይዤ አመጣኋቸው። ዞሩት። እጃቸውን ዘርግተው ነኩት፣ ወዲያውም እሳት እንደነካ ሰው ሰበሰቡት።

«ይኼ ከፋይ ነው?»

«አዎ እማማ።»

«ታቦት የሚለብሰው?»

መቀመጫውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረግሁላቸው።

«እኔ አፈር ነኝ ልጄ። በታቦት ልብስ ላይ ቂጤን አላሳርፍም።» ብለውም ወደ መደባቸው ተመለሱ፤ ግድግዳቸውን ተደገፉ።

ባለቤቴ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። «የገለምሶው ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ጀመረ። አየሁትና አልጨረሰውም።

ምናልባት የሟች መሆኑን ሰምተው ምክንያት ፈልገው ይሆናል ብዬ ነገሩን ሁሉ ገልጬ ነገርኋቸው። «ሞት ያልገባበት ቤት የት አለና?» አሉኝ። «ሰውየውን ነፍስ ይማር። እኔ ያስፈራኝ ከፋዩ ነው።» ለመንኋቸው። ተቆጣሁ። ይቅር በሉኝ ብዬ ደግሞ ለመንሁ። ሶፋው ውሎ ሲያድር የተቀመጠችበት ድመቷ ብቻ ነበረች።

የንስሐ አባታችንን አስጠራሁ። መጡ፤ መስቀል አሳለሙን፤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አደመጡኝ።

«ልጄ» አሉ ወደ እማማ ዞረው፤ በዕድሜ ልጃቸው ቢሆኑም። «ለታቦት የሚሰጠው እጅ ያልነካው አዲሱ ከፋይ ነው። ይኼ ሰው ተቀምጦበታል። አሁን ተሸክሜ ብወስደው እንኳ ደብሩ አይቀበለኝም። ወደ ታቦት የማይመለስ ከሆነ ወገብ ይደገፍበት።»

«እንግዲያው እርስዎ ይቀመጡበት» አሉ እማማ።

አባታችን ተነሱ። ወደ ሶፋው ሄዱ። ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እሾህ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው፣ ጫፉን ብቻ ነክተው ተቀመጡ።

«አዩ!» ብለው እማማ አጨበጨቡ። «እርስዎም ፈሩ!»

አባታችን ቆባቸው እስኪዘም ሳቁ። «እውነት ነው። ልቡና ቢያውቅም ዓይን አልለመደውም» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አልብሺው።»

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ብድግ አለ። «በምን?»

«በአቡጀዲ» አልሁት።

«ከፋዩስ?»

«ከሥር አለ።»

«ከሥር ቢኖር ማን ያየዋል?»

«እግዚአብሔር።»

ገለምሶ ድረስ የወረደበት፣ ሚኤሶ ድረስ የቀለጠበት ከፋይ በነጭ አቡጀዲ ሲሸፈን ሊያይ አልፈለገም፤ ወደ ቢሮው ሄደ። እኔ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ ሰፍቼ ጨረስሁ። እማማ አማተቡ። ተቀመጡ። መቁጠሪያቸውን ይዘው ጸሎት ጀመሩ፤ ሳይጨርሱትም መቁጠሪያው ጭናቸው ላይ ወደቀ። ራሳቸው ያረፈው እዚያው የተላጠው ቦታ ላይ ነበር። ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸውን ስዘረጋው ኖራ አልነበረበትም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

ፋሲካ አለፈ። አንድ ቀን አብረዋቸው ጠበል የሚጠጡ ጎረቤቶች እማማን ሊጠይቁ መጥተው ጓዳ ሳለሁ በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው። እማማ ግራና ቀኝ አዩ። ከዚያም የአቡጀዲውን ጠርዝ በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው ገለጡ።

«ከሥሩ'ኮ ከፋይ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጄ ነው ያመጣልኝ። እስቲ ዳብሱት፤ የጥጃ አፍንጫ ይመስላል።»

ሴቶቹ በየተራ ዳበሱ። ልጄ ያሉት ባለቤቴን ነው። ወጥቼ የምናገረው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ከሰኔ ሣሩ ጀምሬ፣ ባርኔጣውን፣ ድመቷን፣ የሰፋሁበትን መርፌ ሁሉ ልናገር። ግን እማማ ያን ያህል ሲያወሩ ለትንፋሽ አንድ ጊዜም አላቋረጡም።

ተመስገን ብዬ ወደ ድስቴ ተመለስሁ።