አፍንጫዋን የመረመርሁት እኔ ነኝ

ኮሮና በገባ ሰሞን ደብረ ብርሃን የምሠራበት ጤና ተቋም ላብራቶሪያችንን ቆለፈው። ማይክሮስኮፑ በፕላስቲክ ተሸፈነ፤ ባለሙያዎቹ በሙሉ ግቢው ውስጥ ወደተተከለው የኮሮና መመርመሪያ ድንኳን ተዛወርን። ስለ ሌላው በሽታ ስንጠይቅ አለቃችን «ለጊዜው ይቆይ» ይለን ነበር። ቁንጭር ግን ለማን ብሎ ይቆያል? ፊት ላይ ወጥቶ ቀስ እያለ ሥጋ የሚበላ በሽታ ነው። የሚይዘው ድሃውን ስለሆነ ማንም አይቸኩልለትም።

አንድ ቀን ከአንኮበር ቁልቁለት አንድ ቄስ ሴት ልጃቸውን ይዘው መጡ። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ማስኳን ዝቅ ስታደርግ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሽምብራ የምታህል ቁስል አየሁ።

«የሌሊት ወፍ ሸንቶባት ነው ይላሉ። ጠበልም አስጠምቀናታል፤ እስቲ አንቺ ደግሞ እዪልን ልጄ» አሉኝ።

ቁንጭር እንደሆነ ጠረጠርሁ። ከቁስሉ ትንሽ ፍቆ፣ ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ይበቃ ነበር። ብጠይቅ ቀለሙ አልቋል፣ ክፍሉም አይከፈትም ተባልሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የኮሮናው ዕቃ ሲያልቅማ በማግስቱ በመኪና ይመጣልን ነበር! እኔም የታዘዝሁትን አደረግሁ። የኮሮናውን ረጅም የጥጥ እንጨት በቁስሉ አጠገብ አሳልፌ አፍንጫዋ ውስጥ ከተትሁ። ከቀናት በኋላ ነፃ ናት የሚል ወረቀት ሰጠኋቸው። ቁስሉ አለመመርመሩን ግን አልነገርኋቸውም። ሰልፉ ረጅም ነበር።

ላብራቶሪው ሲከፈት ከዓመት በላይ አልፎ ነበር። አባትና ልጅ ተመለሱ። የአፍንጫዋ ጫፍ የለም።

«እስካሁን የት ነበራችሁ?» ብዬ ጮህሁባቸው። ማን ላይ እንደጮህሁ ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

ቄሱ ግራ ገባቸው። «ምነው ልጄ፣ አፍንጫዋን መርምረሽ ምንም የለባትም ያልሽን አንቺ አይደለሽ?»

እውነታቸውን ነው። ከአፍንጫ ናሙና ተወስዶ አፍንጫው አልታየም ብሎ ማን ይገምታል? ሞኞቹ እነሱ አይደሉም፤ እንዲህ ያለውን አሠራር ያወጣነውና የታዘዝነው እኛ ነን።

በዚያው ጠዋት ቁስሉን ፍቄ፣ ቀለም ቀብቼ አየሁት። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፤ ተውሳኩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። መድኃኒት አለው፣ ቁስሉ ይደርቃል አልኋቸው።

ልጅቷ «ሲስተር፣ ያኔ ብታዪልኝ ኖሮ አፍንጫዬ ይተርፍ ነበር?» አለችኝ።

አባቷም ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«አዎ» አልኋት።