የአባዬ የዓሣ ውርርድ

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ በያጅ ነበር። በያጅ ሁሉ ዓይኑን ሲያማርር የእሱ ዓይን እስከዛሬ የመርፌ ቀዳዳ አይስትም። አፍንጫው ግን የለም ብትሉ ይሻላል፤ የብየዳ ጭስ ጨርሶታል። ሽቶም ሆነ ያረረ ሽንኩርት ለእሱ ያው ነው።

ያም ሆኖ ልጆች ሳለን የእሑድ እራት የእሱ ነበር። የሚችለውም አንድ ነገር ብቻ ነው። ከላሜራ ቁራጭ ራሱ የበየደውን ሰፊ መጥበሻ ያወጣል፤ ድንች፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ከታች ያነጥፍበታል፤ ዓሣው ከላይ ይተኛል፤ ሽሪምፕ የሚሉት ትንሽ የባሕር ፍጥረት ከተገኘ ጥግ ጥጉን ይደረደራል፤ ዘይት፣ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ በቃ ወደ ኦቨን። መጥበሻው እጀታ የለውም፤ እጀታ ቢበየድለት የኦቨኑ በር አይዘጋም ነበር። ስለዚህ የሚያወጣው ከሥራ ቦታው ባመጣው ጉጠት ነው። እማዬ ሳሎን ልብስ እየተኮሰች ታሸትና «አውጣው» ትለዋለች። ያኔ ያወጣል። አንድም ቀን አርሮ አያውቅም። አሁንም ዓሣ ሲጠበስ ሲሸተኝ ሆዴ ይባባል፤ ምነው ያ ዘመን ተመልሶ በመጣ እላለሁ።

እማዬ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆነ። ባለፈው ወር አባዬ ድንች ጥዶ ረስቶት፣ ጭሱን ያየች ጎረቤት በሩን ደብድባ ነው ያተረፈችው። መድኃኒት ቤት የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ ቆረጠ፤ አባዬ ቤቱን ዘግቶ እሱ ጋ ይገባል። እኔም ደገፍኩት። አባዬ ግን ድርቅ አለ።

«እሑድ ኑ» አለን። «ዓሣዬን ብቻዬን እሠራለሁ። ካረረ ሻንጣዬን ይዤ እከተላችኋለሁ። ካላረረ ግን ይቺን ወሬ ዳግም እንዳታነሱብኝ። ደግሞ አሽትቶ የሚነግረኝ እንዳይኖር።»

ሄድን። ሰዓት የሚባል ነገር አላየም። ኦቨኑ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ በመስታወቱ የእጅ ባትሪ እያበራ የሽንኩርቱን ጠርዝ ይመለከታል።

«ብረት ሲግል ቀለሙን አይቼ ነው የማውቀው» አለኝ። «ሽንኩርት ከብረት ይብሳል እንዴ?»

ሽታው ሳሎን ሲደርስ እንደ እማዬ «አውጣው» ልል አፌን ከፈትኩ። ወንድሜ በክርኑ ጎሰመኝ። እውነቱን ልናገር፣ እንዲያርር የፈለገው እሱ ብቻ አልነበረም፤ እኔም ስለ እሱ በሐሳብ መብሰልሰል ሰልችቶኝ ነበር። ግን ደግሞ ያ እልኸኛ ሽማግሌ በገዛ ዓሣው ሲሸነፍ ማየት አስጠላኝ። ያም ሆኖ ምላሴን ነከስኩ። ሽታው ወደ ማረሩ ሊያደላ ሲል ጉጠቱ ሲንኳኳ ሰማን።

ድንቹ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል፤ ዓሣው በሹካ ሲነኩት ከአጥንቱ ይላቀቃል። ምን ይወጣለታል! ወንድሜ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ሹካውን አስቀመጠ።

«ተረታን አባዬ። ከእንግዲህ ወሬው አይነሳም።»

አባዬ ዓሣው ላይ ሎሚ ጨመቀ። «ሻንጣዬን የምጭንበትን መኪና መቼ ነው የምታመጣልኝ?» አለው።

«የምን መኪና? አላረረም እኮ። አሸንፈሃል።»

«ማሸነፌንማ አውቃለሁ። አይችልም ተብዬ አልወሰድም ብዬ ነው። መሥራቱ መች አቃተኝ? ለብቻ መብላቱ ነው ያቃተኝ። እናታችሁ ከሄደች ወዲህ ገበታ ላይ ተቀምጬ አላውቅም፤ እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆሜ ጎርሼ እተኛለሁ።»

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እኔ ምርር ብዬ አለቀስኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስደውል «በላህ ወይ?» እንጂ «ከማን ጋር በላህ?» ብዬ ጠይቄው አላውቅም።