የወንድሜ አፍ ሆኜ

ወንድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ስለማያምነኝ ነው። ሱቅ ስንላክ "ሁለት ሳሙና፣ አንድ ክብሪት" የምለው እኔ ነበርኩ። ልጆች መንገድ ላይ ሲተናኮሉት የምሳደበውም እኔ። አስተማሪው አስጠርቶን "ይሄ ልጅ ለምን እጁን አያወጣም?" ሲል የምመልሰውም እኔ።

አፍ የለውም ማለቴ አይደለም። አንድ ነገር ሲጠይቁት አየር ይስባል፣ ዓይኑን ወደ አንድ ጥግ ይልካል፣ ያስባል። እኔ ደግሞ ያንን ክፍተት አይቼ ማለፍ አልችልም። የተከፈተ በር ይመስለኛል፤ ዘልዬ እገባለሁ።

ለዒድ ቤታችን በሰው ይሞላል። እኔ ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው እየዘለልኩ ስሳሳም እሱ የመጀመሪያዎቹን አራት ሰዎች ሰላም ብሎ ይጠፋል። ኋላ ጓሮ፣ ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ተቀምጦ በምስማር እንጨት ሲፍቅ እናገኘዋለን። እናታችን ኡሚ በክንዱ እየጎተተች "ና ሰው ሰላም በል! ምን ይሉናል?" ትለዋለች። የሚሉትንም ይላሉ። አንዷ አክስታችን "ዓይን በልቶት ነው" ብላ ጥቁር አዝሙድ በማር በጥብጣ፣ ቁርኣን ቀርታበት አጠጣችው። ጠጣና "አመሰግናለሁ" አለ። በዚያ ቀን ሌላ ቃል አልወጣውም። እኔ ግን የሱን መድኃኒት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ እኔ እናገርለታለሁ፣ አለቀ።

ጅማ ደግሞ ሰላምታ ቀልድ አይደለም። እንዴት አደራችሁ ይባላል፣ ልጆች ይጠየቃሉ፣ ከብት ይጠየቃል፣ ዝናቡ ይጠየቃል። አማርኛው ሲያልቅ በኦሮምኛ "ነጋ? ፈያ?" ተብሎ እንደገና ይጀመራል። "ደህና" ብሎ የሚያልፍ ሰው ስሙ ኩራተኛ ነው። ወንድሜ አድጎ በርጩማ ሠሪ ሆነ፤ ከዋንዛ እንጨት የሚሠራው ሦስት እግር በርጩማ አገር ያወቀው ነው። ስሙ ግን ያው ኩራተኛ ሆኖ ቀረ።

ከሁለት ዓመት በፊት ኡሚ ራሷ የመረጠችለትን ልጅ ልናይ ሄድን። እነዚያ ሰዎች ቤት ከዙህር ሶላት እስከ ዐስር ሶላት ተቀመጠና ዝም አለ። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፦ "ልጃችንን ለግድግዳ አንድርም።" ኡሚ ሳምንት ሙሉ አለቀሰች። እሱ ሳምንት ሙሉ እንጨት ላገ።

ከዚያ ባለፈው ኅዳር፣ ሳናስበው፣ ራሱ አንዷን አገኘ። ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው የሰቃ ልጅ ናት፤ አባቷ ቡና ገበሬ ናቸው፤ እሷ ጅማ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ሽማግሌ ላክን። አባትየው በክብር ተቀብለው እንዲህ አሉ፦ "ልጁ አይናገርም ሲሉ ሰምቻለሁ። ሳላየው እሺም እምቢም አልልም። ይምጣ።"

ያን ዕለት ማታ የልብስ ሱቄን እየዘጋሁ ሳለ ወንድሜ መጣና "ይሄ ካልሆነ ሌላ ሽማግሌ እንዳትልኩ" አለኝ። በአንድ ትንፋሽ ይህን ሁሉ ሲል ሰምቼው አላውቅም። የምሩን ነው ማለት ነው።

እኔም የምሬን ተነሳሁ። ሳምንት ሙሉ አሠለጠንኩት። የሚላቸውን ሰባት ዓረፍተ ነገሮች በወረቀት ጻፍኩለት። ልዩ ልዩ ዓይነት ሰላምታ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ቡና ዋጋ። ወደ ሰቃ በምንሄድበት ሚኒባስ ውስጥም አልለቀቅኩትም። አጎታችን ከፊት ተቀምጧል፤ እኔና እሱ ከኋላ።

"'እንዴት ዋሉ' ካልክ በኋላ?"

"ቤተሰብ ደህና ነው።"

"ከዚያስ?"

"ዝናቡ።"

"ዝናቡ ምን?"

"ዝናቡ… ዘነበ።"

ከኋላችን ዶሮ ታቅፈው የተቀመጡ እናት "ልጄ፣ አንቺን ቤት ጥሎሽ ቢመጣ ይሻለው ነበር" አሉኝ። ሚኒባሱ በሳቅ ሞላ። እሱም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ወረቀቱን እንደገና አወጣሁ።

አባትየው ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው። ከፍ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። አጎቴ ሰላምታውን በሁለቱም ቋንቋ አዳረሰ፣ ተቀመጥን፣ ጸጥ አለ። አባትየው ወደ ወንድሜ ዞሩ።

"ሥራ እንዴት ነው?"

ወንድሜ አየር ሳበ።

"አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ጥሩ ነው!" አልኩ። "ትዕዛዝ በዝቶበት እንቅልፍ የለውም።"

"ሰቃን ታውቃታለህ?"

አየር ሳበ።

"እንዴ! ይወዳታል!" አልኩ። ሰቃን በዓይኑ ያየው ያን ቀን ነው።

"እናትህ ጤናዋ ደህና ነው?"

"ደህና ናት፤ ትንሽ ስኳር…"

አባትየው ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ የእኔን ልጅ ልታገቢ የመጣሽው አንቺ ነሽ እንዴ?"

"አይ አባባ፣ እሱ ነው።"

"እንግዲያው ልጅቷ ማድ ቤት ናት። ሄደሽ ተጫወቺ።"

አጎቴ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እኔ ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቶ ወጣሁ። ወንድሜን ያለ እኔ ጥዬው ስሄድ፣ ዋና የማይችል ልጅ ጊቤ ወንዝ ዳር ትቼ የሄድኩ ያህል ነበር የተሰማኝ።

ማድ ቤት ልጅቷ ሻሿን አጥብቃ አስራ ሽንኩርት ትልጣለች። ሳልቀመጥ ጀመረች።

"አባረረሽ?"

"አባረሩኝ።"

"አልሐምዱሊላህ! አባቴ እሱን ሳይሰማው ሊመሽ ነው ብዬ ልሞት ነበር።"

ተቀየምኩ። መቀየሜን ደግሞ መደበቅ አልችልም። "እኔ ባልናገርለት ማን ይናገርለታል? አንቺስ እንዴት ትችይዋለሽ? አይናገርም እኮ!"

"ይናገራል። ትጠብቂዋለሽ እንጂ።"

"ስንት ሰዓት?"

ሽንኩርቱን አሳየችኝ። "አንዱን ልጠሽ እስክትጨርሺ።"

እንዴት እንደተዋወቁ ነገረችኝ። ለአባቷ በርጩማ ልታሠራ ሥራ ቤቱ ሄደች። ስልኳን አልጠየቃትም፣ ዓይኗን አላደነቀም። "ለማን ነው?" አላት። "ለአባቴ።" "ቁመታቸው?" ከዚያ እሷ ታወራለች፣ እሱ ይፍቃል። በሳምንቱ ስትመለስ በርጩማው ከተለመደው ከፍ ብሎ ተሠርቷል። ለካ አባቷን ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው በወሬ መሃል ነግራው ነበር፤ እሷ ረስታዋለች፣ እሱ አልረሳም። "በሕይወቴ ከስንት ሰው ጋር አውርቻለሁ" አለችኝ፣ "ያወራሁት ነገር የሆነ ቦታ ሄዶ ሲቀመጥ ያየሁት ግን ያኔ ብቻ ነው።"

ቢላ አንስቼ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ።

"በነገራችን ላይ" አለች፣ "ጭማቂ ቤት ስትገቡ አቮካዶ የምታዢለት አንቺ ነሽ አይደል?"

"አዎ፣ ይወዳል።"

"አይወድም።"

"ምን?"

"ማንጎ ነው የሚወደው። አቮካዶ ጉሮሮው ላይ ይቆምበታል።"

"ታዲያ ለምን አልነገረኝም?"

"'ልነግራት አየር ስስብ አስተናጋጁን ትጠራለች' አለኝ።"

ዘጠኝ ዓመት! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያ ሰው እኔን ላለማስቀየም ራሱን እያስገደደ አቮካዶ ሲውጥ ኖሯል። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ የብርጭቆውን ታች በማንኪያ ሲጠርግ ትዝ አለኝና ሳቄ አመለጠ። ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ግማሹ የሽንኩርቱ ነበር።

"ግን እኮ" አልኳት ዓይኔን እየጠረግኩ፣ "ሰው ሲመጣ የሚሸሸውስ? ይሄ ምንድን ነው?"

"ዝናብ ጥሩ ነው መጥፎ?"

"ጥሩ ነዋ።"

"ለበቆሎ ጥሩ ነው። እኔና አንቺ በቆሎ ነን፤ ሰው ሲዘንብብን እናድጋለን። ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡናስ? ዝናብ ሲመጣ ትሸፍኚዋለሽ፣ ሲያልፍ ትገልጪዋለሽ። ሸፈንኩት ብለሽ ቡናው ታመመ አትይም።"

እንዲህ ዓይነት ነገር በትምህርት ቤት ቢነግሩኝ ኖሮ ምናለ። አሥራ ሁለት ዓመት ስማር "ጎበዝ" የሚባለው እጁን የሚያወጣ ነበር። እኔ መልሱን ሳላውቀው አወጣ ነበር፤ እሱ እያወቀው ያስቀምጥ ነበር። ኡሚ ደግሞ በኔ ስትኮራ በሱ ታፍር ነበር።

ድንገት የቤቱ ጸጥታ ታወቀኝ። ጆሮዬን ወደ ሳሎኑ አቀናሁ። ድምፅ የለም። አንድም ቃል የለም። "ግድግዳ" የሚለው መልስ ትዝ አለኝ። ብድግ ብዬ አየሁ። አጎቴ ወንበሩ ላይ አንገቱን ጥሎ ያንኮራፋል። የአባትየው በርጩማ ባዶ ነው። የወንድሜም ቦታ ባዶ ነው።

"ጓሮ ናቸው" አለች፣ "አባቴ ሰው ሊያውቅ ሲፈልግ ወደ ቡናው ነው የሚወስደው። ነይ፣ ብርዝ እናድርስላቸው።"

ማሩን በውሃ የበጠበጠችበትን ማንቆርቆሪያ እሷ ያዘች፣ ብርጭቆዎቹን እኔ። ከቤቱ ኋላ የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ በእንጨት እግር ላይ የተወጠረ ሽቦ፣ ላዩ ላይ ቀይ እሸት ቡና። ሁለቱ ሰዎች በአንዱ አልጋ ወዲህና ወዲያ ቆመው ቡናውን በእጃቸው ያገላብጣሉ፣ የተበላሸውን ይለቅማሉ። አይተያዩም። ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደሆኑ እንጃ። የወንድሜ ፊት ሥራ ቤቱ ውስጥ ብቻ የማየው ፊት ነበር፤ የተፈታ።

ደርሰን ልንናገር ስንል አባትየው ጀመሩ።

"ልጄ ብዙ ታወራለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ደግሞ የሁለት ሰው ነው የምታወራው። እኔ አባቷ ነኝ፣ እችላለሁ። አንተ ስትሰለች ምን ታደርጋለህ?"

ወንድሜ አየር ሳበ።

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። "ኧረ አባባ፣ እሱ አይሰለችም!" አፌ ተከፈተ። ልጅቷ እግሬን ረገጠችኝ። በጫማ ነው የረገጠችኝ፣ በደንብ አድርጋ። አፌን ዘጋሁ።

ወላሂ፣ እንደዚያ ያለ ረጅም ጊዜ አላሳለፍኩም። ወንድሜ አንድ ፍሬ አነሳ፣ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። አባትየው አንገታቸውን አላነሱም፣ አላጣደፉትም፣ "አልሰማህም?" አላሉትም። ቡናቸውን ያገላብጣሉ። ሽንኩርት ቢሆን ሁለት ተልጦ ሦስተኛው ተጀምሯል። ሰው እንዲህ አድርጎ ሲጠብቀው አይቼ አላውቅም። እኔም ጠብቄው አላውቅም።

"እሰለቻለሁ" አለ ወንድሜ።

አለቀልን!

"አንዳንዴ" አለ። "ያኔ ሥራ ቤቴ እገባና በሩን እዘጋለሁ። ነግሬያታለሁ፣ ታውቃለች። ስወጣ ያቆመችበትን አስታውሼ 'ከዚያስ?' እላታለሁ።"

አባትየው ሁለት የተበላሹ ፍሬዎች ለቅመው ጣሉ።

"ሀዬ" አሉ። እሺ ማለታቸው ነው። ቆየት ብለው "'አልሰለችም' ብትለኝ ኖሮ አጎትህን ቀስቅሼ እሸኛችሁ ነበር" አሉት። ከዚያ ቀና ሲሉ አዩን። "ምን ቆማችኋል? ብርዙ ሊሞቅ ነው።"

ልጅቷ ማንቆርቆሪያውን አልጋው እግር ሥር አስቀምጣ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም። እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃላችሁ፤ እልል አልኩ። አጎቴ ከእንቅልፉ ባንኖ "ምን ሆነ? ማን ሞተ?" እያለ እየሮጠ መጣ። አባትየው "ማንም አልሞተም። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ይምጡ" አሉት። አጎቴ "ምን ብሎ አሳመናቸው?" ብሎ ሲጠይቀኝ ወደ ወንድሜ ጠቆምኩት። "ራሱን ጠይቀው።"

ሰርጉ በጥር ሆነ። ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶ፣ ድቤው እየተመታ፣ ከጅማም ከሰቃም ከአጋሮም ሰው መጥቶ ነበር። እኔ እየጨፈርኩ ድምፄ ተዘግቷል። እኩለ ቀን ላይ ወንድሜ ከሩቅ አየኝ። ፊቱን ሳየው ገባኝ። እጁን ይዤ ወደ ኋላ ክፍል አስገባሁት፣ በሩን ዘጋሁ፣ ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

ወዲያው መጡ።

"ሙሽራው የት ነው?"

"ውስጥ ነው።"

"ምን ሆኖ?"

"ምንም። ብቻውን ተቀምጧል።"

"በሰርጉ ቀን?"

"በሰርጉ ቀን።"

"ታሞ ከሆነ ንገሪን እንጂ!"

"አልታመመም። ሰው በዝቶበት ነው፤ ያርፍና ይመጣል። ፎቶ አንሺው፣ አንተም ተመለስ! አይገባም ብያለሁ!" የተዘጋው ድምፄ ተከፈተ። አፌ ጥቅም ላይ የዋለበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው።

ኡሚ ስትመጣ ግን ፈራሁ። እሷን ማገድ አልችልም። በሩን አየች፣ እኔን አየች። ሙሽራዋ ከሴቶቹ መሃል ሆና ጥርሷን እያሳየች ወደ እኛ እጇን ታወዛውዛለች። ኡሚ ወንበር ጎትታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እግሯን ዘረጋች፣ መተላለፊያውን ዘጋች። የምትመጣውን አክስት ሁሉ "ልጄ አረፍ ብሏል፤ አንቺ ሂጂና ጨፍሪ" እያለች መለሰቻቸው። አንድ ጊዜ እንኳ "ምን ይሉናል" አላለችም።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ በሩ ተከፈተ። ወንድሜ ኮፍያውን አስተካክሎ ቆሟል። በትከሻችን አሻግሮ ድንኳኑን አየ።

"ሁሉም አሉ?" አለ።

"አሉ" አልኩት፣ "እንዲያውም ጨምረዋል።"

አየር ሳበ። እኔና ኡሚ ጠበቅነው።

"ጥሩ" አለ፣ ፈገግ ብሎ፣ ወደ ሰዉ መሃል ገባ።